የዶክተሩ ራጅና ዘጠነኛው ጥያቄ

አንድ ሰው ነበረ… ኧረ ሆዴን! ቆይ ቃልዬ፣ ሳቄን ልጨርስ። ያቺ ቀይ ማስታወቂያ ትዝ ስትለኝ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። እሷ ግን ኋላ ናት የምትመጣው፤ ከሁሉ የምትጥመው እሷ ናት፣ ካሁኑ ብነግርሽ ወዝ አይኖራትም። አንቺ «አክስቴ፣ የከብት አጥንት የማነሳባት ራጅ ከሻንጣ አትበልጥም፤ የፈቃድ ወረቀቴን ግን አንዷን ጥያቄ እየከበቡ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። ማሽኗን ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም፣ ታዲያ ከኔ ምን ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስለ ማሽን የማውቀው ነገር የለም። የሰውየውን ታሪክ ግን አውቃለሁና እሱን ልንገርሽ።

አንድ ሰው ነበረ። የተማረ ሰው ነው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ ያስተምራል። ዶክተር ይሉታል። ድንጋይ አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ ያደርግና «ይሄን ውሃ አንከባሎታል፤ ይሄን እሳት ነክቶታል፤ ይሄኛው ላይ ሌላ ድንጋይ ሲፈጭበት ኖሯል» ይላል። ድንጋዩ አፍ አውጥቶ የነገረው ነው የሚመስለው። ላዩ ላይ ያለችውን ጭረት አይቶ ነው ይህን ሁሉ የሚያውቀው። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ድንጋዩን ሳይሰብር ሆዱን ማየት። ለዚያ ደግሞ ትልቅ ራጅ ያስፈልጋል። ጻፈ፣ ጠየቀ፣ ለመነ። ስድስት ዓመት ለመነ።

በሰባተኛው ዓመት ማሽኑ መጣ። በእንጨት ሳጥን ታሽጎ በክሬን ሲወርድ ዶክተሩ ምሳውንም አልበላ፤ አዲስ በሬ እንደገዛ ገበሬ ሳጥኑን እየዞረ ሲደባብስ ዋለ። በማግስቱ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አስጠሩትና «ዶክተር፣ እንኳን ደስ ያለህ። ግን አንድ ነገር እወቅ፤ ይሄ ማሽን እስከ ሰኔ ሠላሳ ሥራ ካልጀመረ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። እነሱ ክፍሉን አሰናድተው መኪናውን አቁመው ነው የሚጠብቁት» አሉት። ጊዜው ሚያዝያ ማለቂያ ነበር። የስድስት ዓመት ልመና በሁለት ወር ውስጥ ከእጁ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ይቺን ያዢልኝ።

ራጅ ደግሞ እንደ ወፍጮ ዝም ብለሽ የምታስነሺው ነገር አይደለም፤ ይሄን እንኳ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጨረር ይተፋል። ጨረሩ አይታይ፣ አይሸት፣ ሲነካሽም አይሰማሽ፤ በገላሽ አልፎ ይሄዳል፣ ሲደጋገም ነው የሚጎዳሽ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው የጨረር ኮሚቴ አለው፣ የጨረር ኃላፊ አለው፣ የሚሞላ ቅጽ አለው። ቅጹ አሥራ አራት ጥያቄ ነው።

ዶክተሩ አንድ ጠዋት ተቀምጦ ሞልቶ ጨረሰው። ስለ ማሽኑ ለሚጠይቀው አሥራ አንድ ገጽ አባሪ አደረገ፤ ጉልበቱን፣ ክብደቱን፣ የተሠራበትን አገር፣ ሥዕሉን ሳይቀር። ማን ይሠራበታል ለሚለው የራሱንና የአንድ ባልደረባውን ስም ጻፈ። ሥልጠና? ወስደዋል። ደረት ላይ የምትሰካው ጨረር መለኪያ? ታዛለች። በሩ ላይ ቀይ መብራት? ተሰቅሏል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠነኛው ላይ ደረሰ። ዘጠነኛው «ከእያንዳንዱ ግድግዳ ጀርባ ማን አለ? ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» ይላል። ዶክተሩ «ማንም» ብሎ ጻፈና ወደ አሥረኛው አለፈ።

ወረቀቱ ተመለሰ። ዘጠነኛው ጥያቄ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተከቦበታል፤ ሌላ ምንም አልተጻፈበትም። ዶክተሩ ምናልባት አጭር ሆኖባቸው ይሆናል ብሎ «ማንም የለም» ብሎ አሟላውና ላከው። ተመለሰ፤ ክቡ ሁለት ሆነ። አሁን ተናደደ። «አንዱ ግድግዳ ከጉብታው ጋር የተያያዘ ነው፣ ጀርባው አፈር ነው። ሁለተኛው የኔው ቢሮ ነው። ሦስተኛው ቁልፍ ያለው መጋዘን ነው። አራተኛው ከውጭ ባዶ መተላለፊያ ነው። ማንም የለም፣ አልነበረም፣ አይኖርምም!» ብሎ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ጻፈና በእጁ ወስዶ ሰጠ። ተመለሰ። ክቡ ሦስት። ያኔ ግንቦት ገብቶ ሳምንት አልፎታል።

ዶክተሩ ተነስቶ ወደ ጨረር ኃላፊው ቢሮ ሄደ። ኃላፊው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ የቀረው ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ምን በድዬዎት ነው?» አለው ዶክተሩ ገና ሳይቀመጥ።

«ምንም።»

«ማሽኑን ያውቁታል?»

«እኔ ከየት አውቄው! አንተ ጽፈህልኝ የለም እንዴ፣ አሥራ አንድ ገጽ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ግድግዳውን ታውቀዋለህ?»

«ግድግዳ ደግሞ ምኑ ይታወቃል ጋሼ!»

«እንግዲያው ነገ እመጣለሁ» አለ ኃላፊው።

በማግስቱ ዶክተሩ ክፍሉን አስወልውሎ፣ ነጭ ጋዋኑን አድርጎ፣ የማሽኑን ሽፋን ገልጦ ጠበቀ። ሙሽራዋን ሊያሳይ ነው እኮ! ኃላፊው ገባ፤ ሙሽራዋን ዞር ብሎም አላያት። «ወዴት ነው የሚተፋው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ማሽኑ በሲሚንቶ መደብ ላይ በብሎን ታስሮ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል። ዶክተሩ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አመለከተ። ኃላፊው ወጣና ሕንፃውን ዞረ፤ ዶክተሩ ጋዋኑን እየሰበሰበ ተከተለው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰባት ዓመት ሲሠራ ወደ ጀርባው ሲዞር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ከጀርባው በሕንፃውና በአጥሩ መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለች። አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ጥግ ይዞ ቆሟል። ኃላፊው ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት።

«ይሄው፣ ባዶ ነው» አለ ዶክተሩ።

«ነው።»

«የምንጠብቀው ነገር አለ?»

«ምሳ ሰዓት።»

ዶክተሩ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደድ ጀመር። ኃላፊው ግድግዳውን በጣቱ አሳየውና «ይሄስ ምንድን ነው?» አለው። ቢጫው ቀለም ላይ፣ ቁጭ ባለ ሰው ቁመት ልክ፣ የጠቆሩ፣ የለሰለሱ አምስት ምልክቶች ተሰልፈዋል። ዶክተሩ ገርመም አድርጎ አያቸውና «እርጥበት ነው» አለ። የሚሊዮን ዓመት ጭረት የሚያነበው ሰው እኮ ነው ይሄን ያለው!

ስድስት ሰዓት ሲሆን አምስት ሴቶች መጡ። የጽዳት ሠራተኞች ናቸው፤ ከማለዳ ጀምረው በቀዝቃዛ ውሃ ወለል ሲያጥቡ የቆዩ፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት የራሰ። አገሩ ደጋ ነው፣ ግንቦትም ሆኖ ነፋሱ ይቆነጥጣል። ያ ግድግዳ ግን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው ይቆይና በምሳ ሰዓት ልክ እንደ ታመመ ሰው ግንባር ይግላል፤ ነፋስም አይደርስበትም። ሴቶቹ ሳይነጋገሩ በየቦታቸው ተቀመጡና ወገባቸውን ለጠፉበት። እያንዳንዷ ጀርባ ከየምልክቷ ጋር ገጠመች። ዶክተሩ እርጥበት ያለው የአምስት ሴት ጀርባ ነው፤ የስንት ዓመት መደገፍ ነው ቀለሙን ያለሰለሰው።

ከአምስቱ አንዷ አንጓች ትባላለች። ሆዷ ገፍቷል፤ ሰባት ወር ሳይሞላት አይቀርም። ግድግዳውን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ወረደችና ወገቧ ሲነካው «እሰይ!» አለች።

«ጋሼ፣ ያቺ ባልዲ የኔ ናት» አለች በዕድሜ ትልቋ ኃላፊውን። «ወንበር ላደርጋት ነው ቢሉኝ ኖሮ አጥቤ አቆይልዎ ነበር።»

«ዶክተርም አሉ እኮ! ዛሬ ድንጋዮቹ ምሳ ውጣ አሉዎት?» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ተንከተከቱ።

አንጓች ምሳ ዕቃዋን ከፍታ «ኑ እንብላ» አለችው።

«ታውቂኛለሽ እንዴ?» አላት ዶክተሩ።

«ምን ማለትዎ ነው! ክፍልዎን የማጸዳው እኔ አይደለሁ? ስድስት ዓመቴ። ድንጋዮችዎን አንድ ባንድ አንስቼ፣ ጠርጌ፣ እዚያው ወደነበሩበት። አንዱን እንኳ አዛንፌ አላውቅም።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ሲመለሱ ግን አንገቱን ቀና አደረገ። «ገባኝ ጋሼ። ቀላል ነው። ሴቶቹ ሌላ ቦታ ይቀመጡ፤ እኔ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ። ያኔ ማንም ያልኩት እውነት ይሆናል» አለ።

«እነሱ ስንት ዓመት ተቀምጠውበታል?» አለ ኃላፊው። «ማሽንህ ገና አንድ ቀን አልሠራም። ፊቱን ወደ አፈሩ ብታዞረውስ?»

«መደቡ ሊፈርስ ነው! የመብራቱ መስመር ሊዛወር፣ አዲሱ ሲሚንቶ ሊጠና፤ አንድ ወር ይፈጃል። ከዚያ ኮሚቴው እንደልማዱ እያመላለሰ ሌላ አንድ ወር። ሰኔ ሠላሳ አለፈ ማለት እኮ ነው፤ ማሽኔ ሄደ ማለት ነው!»

«እንግዲህ መለጠፍ ትችላለህ» አለና ኃላፊው ሄደ።

ለጠፈ። በትልቁ፣ በቀይ ፊደል፣ «በዚህ ቦታ መቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ የታሸገ፣ በአራት ምስማር የተመታ። ከዚያ ገብቶ ዘጠነኛው ላይ ለአራተኛ ጊዜ «ማንም» ብሎ ጻፈ። ብቻ ከመላኩ በፊት በማግስቱ ምሳ ሰዓት እውነቱን ሊያረጋግጥ ዞሮ ወጣ።

እንግዲህ ያቺ ያልኩሽ መጣች። አሥራ ሁለት ሴቶች! አምስቱ አሥራ ሁለት ሆነዋል! ማስታወቂያዋ ሥር እግራቸውን ዘርግተው፣ ምሳ ዕቃ ደርድረው፣ ግድግዳው ሰው ጠቦታል። ዶክተሩን ሲያዩ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እልል አሉ!

«እግዜር ይስጥልን ዶክተር!» አለች ትልቋ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ። «ሦስት ዓመት ጠቅላላ አገልግሎት ደጅ ጠናን፣ የሰማን የለም። እርስዎ አንድ ቀን አብረውን ቢቀመጡ ጭንቃችን ገባዎት!»

«ያ ዘበኛ አሁን ይምጣና ሱሪውን ይፍታ፣ እናየዋለን!» አለች ሌላዋ።

«የቤተ መጻሕፍቱን ጽዳቶችም ጠርተናቸዋል» አለች አንጓች። «ኑ፣ ቦታችን አሁን ንጹሕ ሆነልን አልናቸው።»

አየሽ ቃልዬ፣ ሴቶቹ ፊደል አልቆጠሩም። በዚህ አገር ደግሞ በቀይ የተጻፈ ነገር ግድግዳ ላይ ካየሽ ምን ሊል ይችላል? መሽናት ክልክል ነው! ሌላ ምን ይላል? ዘበኞቹና ወንዶቹ ተማሪዎች የመተላለፊያዋን ጫፍ ሽንት ቤት አድርገዋት ኖሯል፤ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር ምሳ የሚበሉት። ይሄው ዶክተሩ አየልን፣ አዘነልን፣ ለጠፈልን አሉ። ኧረ እኔስ ሆዴ! ሰውየው ሊያባርራቸው ያደረገውን ነገር እንደ ድግስ ጥሪ ቆጥረው ጎረቤት ሰብስበው መጡለት!

ዶክተሩ እዚያው ቆሞ ቀረ። ራሱን ነቅንቆ፣ ምርቃቱን ተቀብሎ መመለስ ይችል ነበር።

«ማስታወቂያው እንደዚያ አይደለም የሚለው» አለ።

«ታዲያ ምን ይላል?»

«መቀመጥ ክልክል ነው ይላል። ለእናንተ ነው።»

ጎራሿ እጇን አውርዳ ቀረች። የቤተ መጻሕፍቱ ሴቶች ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አንጓች ግድግዳውን ይዛ ግማሽ ብድግ አለችና «ምን አጥፍተን ነው ዶክተር?» አለችው።

ይሄን ስትጠይቀው አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም። አጥፍተን ከሆነ ንገረንና እናርም ነው ያለችው። ዶክተሩ አሥራ ሦስቱን ጥያቄ ከነአባሪው መልሷል፤ ይቺ ግን ቅጹ ላይ የለችም። ወደ ግድግዳው ሄደና ማስታወቂያዋን በእጁ ያዛት። አራቱ ምስማር አልነቀል ብለው ታገሉት፣ አንዱ መዳፉን ቀደደው፤ ገንጥሎ ጣላትና እዚያው መሬት ላይ ከነጋዋኑ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ማሽኑ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ እንደቆመ፣ ምን እንደሚተፋ፣ እስካሁን እንዳልተነሳ፣ ስንት ዓመት እንደለመነው፣ ሰኔ ሠላሳ የሚባል ቀን እንዳለ። ሲጨርስ ወረቀት አወጣና ከትልቋ ጀመረ። ስምሽ ማነው? በስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ? ስንት ደቂቃ? ክረምት ሲሆንስ የት ነው የምትውሉት? አንጓች ላይ ሲደርስ ወሯን ጠይቆ ጻፈ።

በማግስቱ መደቡን ማፍረስ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ምት የመታው ራሱ ነው። ለፕሬዚዳንቱም ሄዶ «ማሽኑ ለቀኑ ላይደርስ ይችላል» አላቸው።

«ይሄዳላ እንግዲህ!» አሉት።

«ይሂድ» አለ። የስድስት ዓመት ልመናውን ነው ይሂድ ያለው፤ ግን አለ።

ከዚያ ወረቀቱን ላከ። ዘጠነኛው ላይ አሁን ሁለት ገጽ ሙሉ ስም ነው። ከአፈሩ ጀርባ ያለችውን የጓሮ መንገድ ሳይቀር፣ በእሷ የሚያልፉትን ሰዎች ሳይቀር ቆሞ ቆጥሮ ጽፏል። ኮሚቴው ሌላውን ወረቀት ወር ሙሉ ነበር የሚያመላልሰው፤ ይሄን ግን በአንድ ስብሰባ አነበበ፣ የሚጠይቀው ነገር አጣ፣ «ይለካና ይፈቀድ» ብሎ ፈረመ። ዶክተሩ የፈራው ያ አንድ ወር ሳይመጣ ቀረ። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ሲሚንቶው ጠና። ኃላፊው በጠዋት፣ ገና ማንም ሳይቀመጥ፣ መለኪያውን ይዞ መጣ። ባልደረባው ከውስጥ ማሽኑን አስነሳ፤ ኃላፊው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከላይ እስከ ታች ለካው። ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር ቢለካ ከሚያገኘው ቁጥር የተለየ አልነበረም። የጓሮውን መንገድም ለካ፤ እዚያም ያው ነው። ማህተሙን ከኪሱ አወጣ፣ ሆሆ ብሎ ተነፈሰበትና መታ። ማሽኑ ሳይሄድ ቀረ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ ቃልዬ። ያ ዶክተር አንቺ ነሽ። ማሽንሽን ከሁሉ በላይ ታውቂያለሽ፤ እሱም ያውቅ ነበር። ያቺ የተከበበችብሽ ጥያቄ የምትጠይቅሽ ስለማታውቂያቸው ሰዎች ነው። ራጅሽ ከሻንጣ አትበልጥም፣ እሺ፤ የምትተፋው ግን ሻንጣው ውስጥ አይቀርም። እስኪ ንገሪኝ፣ ላሟን ስታነሺ ገመዱን ይዞ አጠገቧ የሚቆመው ማነው? ስሙስ? በቀን ስንት ላም ይይዝልሻል? ከበረቱ ወዲያ ያለው ቤት የማን ነው? አየሽ፣ ስሙን አታውቂውም። እሱም አያውቅም ነበር። ፈቃድ የሚሰጡሽ ሰዎች የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው፤ ተነሺና ሄደሽ በስም ሙዪው። ማንም ብለሽ የጻፍሽው ቦታ ላይ ሰው ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ይሆናል።

የዶክተሩን መጨረሻ ልንገርሽና ትሄጃለሽ። ያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ እንደልማዳቸው መጥተው ተደገፉ፤ አንጓችም ወርዳ ተደገፈች። ከውስጥ ማሽኑ የመጀመሪያውን ድንጋይ እያነሳ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቀው ድንጋይ! ዶክተሩ ግን ውስጥ መቆየት አልቻለም። ቁጥሩን በዓይኑ አይቷል፣ ማህተሙም ተመቷል፤ ልቡ ግን አላርፍ አለው። መለኪያውን ከኃላፊው ተውሶ ዞሮ መጣና ከአንጓች ፊት ቆመ፤ ዓይኑ አንዴ መለኪያው ላይ፣ አንዴ ሆዷ ላይ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። እሷ ቀና ብላ አየችው፣ አዘነችለት፣ ጎኗን ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለትና እንዲህ አለችው፦

«ምነው ዶክተር፣ በረደዎት እንዴ? ኑ እዚህ ጋ ይደገፉ፣ ግድግዳው ደህና አድርጎ ይሞቃል።»